ሞልቶ የተመለሰ በርሜል

መጋቢት 3

በበረዶ ሻጯ በዮርን በረዶ ላይ ያለኝን አቤቱታ የሚቀበለኝ ቢሮ ስላጣሁ እዚህ ላይ አሰፍረዋለሁ። በረዶው የሩዝ ገለባ አለበት። እንዳይቀልጥ በገለባ እንደምትሸፍነው አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነገር ነው። ግን ሸፍነው ሲያበቁ ማጠብ የሚባል ነገርም አለ። ዛሬ አንዱ የፌሮ ሠራተኛ ከጣሳዬ ጠጥቶ ከጥርሱ መሃል ገለባ መዘዘና "አጎቴ ቾም፣ ከዛሬ ጀምሮ ምሳም ከውሃው ጋር ነው እንዴ?" አለኝ።

ለዮርን "በዚህ ገለባሽ ዶሮ ማርባት ልጀምር ነው" አልኳት።

"ዶሮዎቹ እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ካወሩ እንቁላል አይጥሉልህም" አለችኝ በረዶዋን በመጋዝ እየቆረጠች። ከባድ ሴት ናት።

ደብተሩን የገዛሁት እጄን ለማፍታታት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ስለሆነ የመጀመሪያ ቃሌ "ከእርጥበት ይጠበቅ" ነበር። አሁን ሥራዬ ሰውን ማራስ ሆነ። ከአራት ዓመት በፊት ጉልበቴ ሲሰበር ፌሮ ማሰር ቀረና የውሃ ሰው አደረጉኝ። ሦስት በርሜል አለኝ፤ አንዱ መሬት ላይ፣ አንዱ አራተኛ ፎቅ፣ ትልቁ ሰማያዊው ስምንተኛ ፎቅ ላይ። በፕኖም ፔን ስንት ሕንፃ እንዳለ አላውቅም፤ በርሜሉ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ የማያውቅ የውሃ ሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

መጋቢት 5

ፎርማኑ ኪምሌንግ ጠዋት ሰበሰበን። የስምንተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉ፣ ሚያዝያ ላይ ከሚገባው አዲስ ዓመታችን በፊት ካልተሞላ ማንም ወደ አገሩ አይሄድም አለ። አንድ ወር ነው የቀረው። "ደረጃ ላይ ሲመላለስ የማየው ሰው እንዳይኖር። አንድ ሰው ሽንት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ይበላብኛል።"

ሽንት ቤቱ መሬት ላይ ነው። ማንሻው ሲሚንቶና የእኔን ውሃ እንጂ ሰው አይጭንም። ወንዶቹ ጥግ አያጡም። ሴቶቹ ግን የግድ ስምንት ፎቅ ይወርዳሉ፣ ስምንት ፎቅ ይወጣሉ።

ፋላ ከቀትር በፊት ለሁለተኛ ጊዜ ስትወርድ አየኋት። ፋላ ከእህቴ ልጅ ከታቪ ጋር ፌሮ የምታስር፣ ከእሷም ጋር አንድ ቆርቆሮ ቤት የምትኖር ጥቁር ቀጭን ልጅ ናት። ለጨዋታ ያህል በርሜሉን በጣሳው መታሁት። ሁለተኛዋ ስለሆነ ሁለት ጊዜ፤ ድው፣ ድው። "ቧንቧዋ ተከፈተች" አልኩ። ፎቁ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ኪምሌንግ እንኳ፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ ጥርሱን አሳየ።

ፋላም ሳቀች። ፀሐዩን ፈርታ ፊቷን እስከ ዓይኗ በሻሽ ስለምትጠቀልል አፏን አላየሁም። ግን ስቃለች።

መጋቢት 6

ሦስት ሴቶች ወረዱ። ሦስቱንም መታሁላቸው። አሁን ወንዶቹ ከእኔ ቀድመው ይቆጥራሉ። እንዲህ ባለ ሙቀት ሰው የሚስቅበት ነገር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

መጋቢት 9

አርባ ዲግሪ። ፌሮው በጓንትም አይያዝም። ከማንሻው ጋር ስሯሯጥ ዋልኩ። ማታ የስምንተኛውን በርሜል ሳየው ከወገቡ በላይ ውሃ አለው። በዚህ ቀን?

መጋቢት 10

ዛሬም እንደዚያው። ወንዶቹ ይጠጣሉ፤ ዓይኔ እያየ ነው። የማይጠጡት ሴቶቹ ናቸው። አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፤ በርሜሉ አጠገብ ሲያልፉ ወዲያ ይዞራሉ። ገለባው አስጠልቷቸው ይሆናል። ዮርንን በዚህ ጉዳይ አጥብቄ ልናገራት ነው።

መጋቢት 11

የዘንባባ ስኳርና ጥቂት ጨው ጨመርኩበት። አንድ የተማረ ሰው፣ መሐንዲሱ፣ ለሰውነት ጥሩ ነው ብሎኝ ያውቃል። ወንዶቹ ተጋፉበት፤ አንዱ "አጎቴ፣ ድግስ ነው እንዴ?" አለ። ታቪ አንድ ጉንጭ ያዘችና አፏን ተጉመጥምጣ ተፋችው።

"አይጥምሽም?" አልኳት።

"ይጥማል" አለች። ወደ ፌሮዋ ተመለሰች።

የሚጥም ነገር ይተፋል? ሴቶችን የሚረዳ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

መጋቢት 13

የምሳ እረፍት ነው። ሁሉም በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተዘርግቷል። እኔ ጀርባዬን ለግድግዳቸው ሰጥቼ አረፍ ብያለሁ፤ ከወዲያ በኩል ታቪና ፋላ የደረቀ ዓሣና ሩዝ እየበሉ ያወራሉ። ቆርቆሮ ምሥጢር አይጠብቅም።

"እኔ ጠዋት ከተነሳሁ ማታ እስክንወርድ ጠብታ አልቀምስም" ትላለች ፋላ። "ለምጄዋለሁ።"

"ጭንቅላትሽን አያምሽም?"

"ያመኛል። ሰማኒያ ሰው ከሚስቅብኝ ጭንቅላቴን ቢያመኝ ይሻለኛል።"



እነዚህ የኮንክሪት ልጆች ባለጌዎች ናቸው። ነገ እቆጣቸዋለሁ።

መጋቢት 14

አልተቆጣኋቸውም። ሥራ በዛ።

መጋቢት 16

ታቪ ጠዋት ውሃ ስሞላ መጣችና አጠገቤ ቆመች። አባቷ ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ቀብሩ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ሁለት ሆናለች፤ ግን የሆነ ነገር ስትፈልግ እንደ ልጅነቷ የሸሚዜን ጫፍ ትይዛለች።

"አጎቴ፣ በርሜሉን መምታት ተው።"

"ለምን? ሙዚቃዬን ጠላሽው?"

"ተው ብቻ። እባክህ።"

"ለሌላው ሁሉ እየመታሁ ለእህቴ ልጅ ስል ብተው አድልዎ ነው። ፎርማን ኪምሌንግ ይከሰኛል።"

የሸሚዜን ጫፍ ለቀቀች። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ወረደች። አንዴ መታሁ። ከዚያ ዘመድ ስለሆነች ምርቃት ይገባታል ብዬ ሌላ አንድ ጨመርኩ። ሳቁ እስከ ሰባተኛ ፎቅ ወረደ። እሷም ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልወረደችም፤ ሥራ ላይ ጥሩ ልጅ ናት።

መጋቢት 18

እህቴ ሳቩን ከጎረቤት ስልክ ደወለች።

"ልጄ ትበላለች?"

"እንደ ጎሽ።"

"ቀልድህን ተው፣ ቾም። ድምፅዋ ደከም አለብኝ። ከሷ ጋር ስትሆን አደራዬ አንተ ላይ ነው።"

"እትዬ፣ የውሃው ጌታ እኔ፣ የበረዶው ጌታ እኔ። በዚህ ሕንፃ ላይ እንደ እሷ የሚቀዘቅዝ ሰው የለም።"

ሳቀች። እህቴን ማሳቅ ከባድ ስለሆነ ደስ አለኝ።

መጋቢት 20

ዮርን ዛሬ በረዶውን አጥባ አመጣች። አመሰግናለሁ ልላት ስል እጄን ይዛ ጥላው ውስጥ አስገባችኝ።

"የእህትህ ልጅ ሽንቷ የሻይ ቀለም ሆኗል ይላሉ ሴቶቹ።"

"ሴቶች የማይሉት ነገር አለ?"

"ቾም፣ አንተ የውሃ ሰው አይደለህም?"

"በርሜሌ ሙሉ ነው። ነይ እይው።"

አላየችውም። መጋዟን ይዛ ሄደች። ለነገሩ እኔ ምን ላድርግ? አፋቸውን ከፍቼ ላፍስስባቸው? ወደ ታቪ ሄጄ "ጠጪ" አልኳት። "እሺ አጎቴ" አለች። እሺ ብላኛለች።

መጋቢት 23

ሶሌታ ሊሞላ ነው። ነገ። ሁለት ፓምፕ ይመጣል። ማንሻው ተበላሸ፤ ውሃ በትከሻ። ጉልበቴ አበጠ። ታቪ ሁለት ጊዜ ፌሮ ላይ ስትደናቀፍ አየኋት። ነገ ካለቀ ሁሉም ያርፋል።

መጋቢት 24

እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ገደማ ታቪ ፌሮው ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰው በሚሞላ ሶሌታ ላይ አይቀመጥም፤ ኪምሌንግ ጮኸባት፣ አልተነሳችም። ስደርስ ላብ የሚባል ነገር የለባትም። ቆዳዋ እንደ ፌሮው ነው፣ ደረቅና የሚፋጅ። "አባቴ፣ ጎሹ ሩዙ ውስጥ ገባ" አለችኝ። አባቷ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።

አራት ሆነን ተሸክመን አወረድናት። ስምንት ፎቅ። በመጨረሻ ማንም ሳይስቅባት ወረደች።

ቤቷ ስናስተኛት ፋላ ባልዲ በረዶ ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። "እናፍስባት" አለች።

ያዝኳት። "በጋለ ሰውነት ላይ በረዶ? ልትገድያት ነው? ነፋስ ገብቶባታል። ነፋስ የገባበት ሰው ውሃ አይነካውም፤ ያንን የማያውቅ አለ?"

ማንም የሚከራከረኝ አልነበረም፤ ጀርባን በሳንቲም ፍቆ ነፋስ በማውጣት በሕንፃው ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። የአባቴን የድሮ ሳንቲም አወጣሁ፣ የሚያቃጥለውን ቅባት ቀባሁ፣ ጀርባዋን መፋቅ ጀመርኩ። ከአከርካሪዋ ወደ ጎን፣ ከትከሻ ወደ ታች። ነፋሱ እንዲወጣ። መስመሮቹ ወዲያው ወጡ፤ ቀይ ሳይሆን ጥቁር ወይን ጠጅ። ሰዎቹ "ኧረ ስንት ነፋስ ነው የያዘችው" አሉ። "የአጎቴ ቾም እጅ እኮ" አሉ። ብርድ ልብስ አለበስናት፤ በሩን ዘጋን። መስመሮቼ ቀጥ ያሉና እኩል ነበሩ። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ግን ሳያቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ውሃ ጠየቀች። አልሰጠኋትም። "ነፋሱ ይውጣና" አልኳት።

ፋላ በሩ ላይ ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። በረዶው ባልዲው ውስጥ ቀልጦ እስኪያልቅ ቆማለች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ታቪ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ዓይኗ ወደ ኋላ ዞረ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። መንገድ ላይ ፋላ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ወረወረችው፤ እኔን አላየችኝም።

መጋቢት 25

በሕይወት አለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የታቪን ጀርባ አገላብጣ አየች። "ይህን የሠራው ማን ነው?"

"የሰፈር ሴቶች" አልኩ።

"ከወደቀች በኋላ እዚህ እስክትደርስ ስንት ሰዓት ፈጀ?"

"ግማሽ ሰዓት።"

ጻፈችው። ቀጥላ "እዚያ የምትሠሩበት ቦታ ውሃ የለም?" አለችኝ።

"ሞልቷል" አልኳት። "በርሜሉ ሞልቶ ነው የሚመለሰው።"

ብዕሯን አቆመችና ትክ ብላ አየችኝ። የተናገርኩት ለራሴ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው።

መጋቢት 26

ሐኪሟ እንደነገረችኝ፦ ሙቀቱ ጡንቻዋን ቀቅሎታል፤ የተበላሸው ጡንቻ በደሟ ሄዶ ኩላሊቷን ዘግቶታል። የወደቀችው አንድ ቀን ነው፣ የደረቀችው ግን ሳምንታት ሙሉ ነው። ደሟን በማሽን ያጥቡላታል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ኩላሊቱ ይመለስ እንደሆነ በወራት ውስጥ ይታያል። እስከዚያ ማሽኑ ካልተቋረጠ ትኖራለች። ከተቋረጠ አትኖርም።

መጋቢት 27

ሳቩን ደወለች። "ስልኳ ለምን አይነሳም?"

"ትንሽ ነፋስ ገብቶባት ተኝታለች።"

"ፍቀሃታል?"

"ፍቄያታለሁ።"

"እንግዲያው ይሻላታል። እጅህ ጥሩ ነው። ልምጣ?"

"ምን ልትሠሪ? መኪና እንኳ ትፈሪያለሽ። ለአዲስ ዓመት ራሴ አመጣታለሁ።"

መጋቢት 28

ነቅታለች። ፊቷ አብጧል፤ እግሯ አብጧል። መጀመሪያ ያለችኝ ነገር "አጎቴ፣ ውሃ" ነው።

አይፈቀድላትም። ኩላሊቷ ስለማያስወጣ የጠጣችው ሁሉ ሳንባዋ ውስጥ ይቀመጣል። በቀን ሁለት ትንንሽ ኩባያ ብቻ፤ የምትለካው ነርሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ለመነችኝ። እኔ፣ የውሃ ሰው፣ ቁጭ ብዬ ከለከልኳት። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አራስኩላት፤ ጨርቁን በጥርሷ ይዛ መጠጠችው። ነርሷ መጥታ ቀማቻት።

ሥራ ላይ ለምን ውሃ አትጠጣ እንደነበር ዛሬ ጠየቅኳት። ዛሬ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ስንተኛዬ እንደሆነ እንዳይቆጠር ነዋ" አለች።

መጋቢት 29

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ነገር አለ። ሴቶቹ ጥግ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት በሽቦ ሰፍተው ከልለዋል፤ ውስጡ ባልዲና ክዳን፣ ጎኑ ላይ አመድ። ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሠሩት። ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ ብዬ ጠየቅኩ።

"ግማሽ ሰዓት" አለች አንዷ።

ኪምሌንግ አይቶ አለፈ። በርሜሉ ከቀትር በፊት ባዶ ሆነ። እንደገና ሞላሁት፣ እንደገና ባዶ ሆነ። ፋላ መጥታ ጠጣች። ጣሳውን ሳቀብላት አልተቀበለችኝም፤ እስካስቀምጠው ጠብቃ ራሷ አነሳችው።

"ፋላ" አልኳት።

"አቤት፣ አጎቴ።" አክብራ ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ውሃው ይቀዘቅዛል?" አልኳት።

"ይቀዘቅዛል።"

መጋቢት 30

አንዱ የኮንክሪት ልጅ አንዲት ሴት ወደ ከረጢቱ ስትገባ አይቶ "አጎቴ፣ ዛሬ አትመታም?" አለኝ። ጣሳው እጄ ላይ ነበር። የሳቀ ሰው የለም። ልጁም ዓይኔን አይቶ ሄደ። እሱን ያስተማረው ማን ነው?

ሚያዝያ 1

ኪምሌንግ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ሙዝና ወረቀት ይዞ።

"አጎቴ፣ አንተ አንባቢ ነህና ራስህ አንብበው።"

አሥራ አንድ መስመር ናት። በሥራ ቦታው በቂ የመጠጥ ውሃ ከነበረዶው በየቀኑ ይቀርብ እንደነበር። ሽንት ቤት እንደነበር። ሠራተኛዋ ታቪ በገዛ ፈቃዷ ውሃ አለመጠጣቷን። ከታች የውሃ ኃላፊው፣ የእኔ፣ የፊርማ ቦታ።

"ይህ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ጉዳዩን ይዘጋዋል። ኩባንያው በቸርነት እስከ አዲስ ዓመት ማግሥት ማሽኑን ይከፍላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እግዜር ያውቃል።"

"ሐኪሟ የሥራ ጉዳት ተብሎ ከተመዘገበ የሠራተኞች መድን እስክትድን ድረስ ይሸከማታል ብላኛለች።"

"ይሸከማት ይሆናል መድኑ። ግን የሥራ ጉዳት ለማለት ማጣራት ይመጣል፣ አጎቴ። ሰማኒያ ሰው ይጠየቃል። ደረጃ አትውረዱ ያለው ማነው ይባላል፤ እኔ ነኝ፣ እባረራለሁ፣ ሌላ ሥራ አገኛለሁ።" ሙዙን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። "ቀጥሎ ደግሞ በርሜሉን የሚመታው ማን ነበር ይባላል። ሁለት ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውሃ የከለከላትስ ማነው ይባላል። እናቷ ትሰማለች። እኔ ላንተ አስቤ ነው።"

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ሙዙንም በላሁት።

ሚያዝያ 2

ታቪ ዛሬ ሁለተኛ ኩባያዋን በጠዋት ጨርሳ እስከ ማታ ጠበቀች። "ለምን ፈጠንሽ?" አልኳት። "አንተ ስትመጣ እንዳልለምንህ" አለችኝ።

ሚያዝያ 3

ፈረምኩ።

ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት ፈለግኩበት፤ አንድም የለበትም። ውሃ ነበር። በረዶ ነበር። ሽንት ቤት ነበር። በገዛ ፈቃዷ አልጠጣችም። እንዲህ ንጹህ የሆነ ወረቀት በእጄ ይዤ አላውቅም። እውነት ብቻውን ተሰልፎ እንዲህ መዋሸት እንደሚችል ያስተማረኝ የሲሚንቶ ከረጢት አልነበረም።

ለራሴ የምለው ይህን ነው፦ እስከ አዲስ ዓመት ማግሥት ማሽኑ አይቋረጥም፤ እስከዚያ ኩላሊቷ ይመለስ ይሆናል። ሐኪሟ ወራት ነው ያለችው። አዲስ ዓመት ሦስት ቀን ነው የቀረው። ይህን ሂሳብ የትኛውም ልጅ ያውቀዋል።

ኪምሌንግ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል።

ሚያዝያ 4

ጠዋት ነው። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አጥፌ ሁለት ጊዜ ዘረጋሁት።

በሩ ተንኳኳ። ኪምሌንግ ቀድሞ የመጣ መስሎኝ "ክፍት ነው" አልኩ።

እህቴ ናት። ሳቩን። ከወረዳው ገበያ አልፋ የማታውቀው ሳቩን፣ አምስት ሰዓት በሚኒባስ ተጉዛ፣ ልብሷ ላይ አስመልሳ፣ አንድ ከረጢት ሩዝ በራሷ ተሸክማ። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

"ነፋስ አይደለም" አለች።

"እትዬ..."

"ፋላ የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። ልጄ ምን ሆነች ብላት ‘እሱን ወንድምዎን ይጠይቁ’ ብላ ዘጋችው። ይኸው መጣሁ። ልጄ አለች?"

"አለች። በሕይወት አለች።"

አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። ሳቩን ፊደል አታውቅም፤ ወረቀት ሁሉ ለእሷ የሐኪም ነው።

"ያ የሆስፒታሉ ነው?"

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

"ፊቴን ልታጠብና ታነብልኛለህ። አንድ ቃል እንዳትዘልብኝ" ብላ ወደ ጋኑ ወጣች። ይህን የምጽፈው ውሃ ስትቀዳ እየሰማኋት ነው። ኪምሌንግም ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ወረቀቱን አጥፌ ከሻዩ ሥር አድርጌዋለሁ። የማነብላት ይህንን ደብተር ነው፤ ከመጋቢት አምስት ጀምሬ። ኪምሌንግ ከመጣ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ታጥባ ጨርሳለች፤ ኮቴዋ ይሰማኛል። "ተቀመጪ እትዬ" ልላት ነው፤ "ረጅም ነው።"